አንድ ቤት፣ አንድ ድምፅ

ጋሽ አስረስ፣ ውለታህ አለብን፣ አንክድም፤
«የሴት ድምፅ ይቆጠር» ብሎ ማንም አልቀደመህም።
«ጨረቃ ናት» ብለህ፣ «የማር ወለላ ናት»፣
በየፎቁ ደረጃ ለጠፍንልህ ሌሊት፤
ቂርያት ጋት ተኝታ፣ ሊፍቱ ተበላሽቶ፣
የማስቲሹ ሽታ በልብሳችን ገብቶ።

የሰፈሩ ኮሚቴ ሊመረጥ እሑድ ማታ፣
መጣን አሥራ ስድስት፣ ከሥራ በቀጥታ።
ሳጥኑ የጫማ ካርቶን፣ ክዳኑ የተበሳ፤
ሊቀ መንበር ባዬ ከወንበር ተነሣ፦
«አንድ ቤት አንድ ድምፅ ነው፤ ባል ሰጥቷል፣ ተቆጥሯል፤
ሚስት ደግሞ ብትሰጥ፣ ቤት ሁለት ይሆናል።»

አየንህ፣ ጋሽ አስረስ።
ከኋላ ወንበር ላይ አጎንብሰህ
የታሰረ የጫማ ክርህን ደግመህ ስታስር።
ያ ሁሉ ጨረቃ፣
ያ ሁሉ ወለላ፣
አንዲት ቃል ሳይወጣው።

አዛለች ተነሣች፣ ፊደል ያልቆጠረች፤
ከመቀነቷ ሥር ቁልፏን መዘዘች።
«ቤት ከሆነ መራጩ፣ ይኸው ቤቴ» አለች፤
በካርቶኑ ቀዳዳ ጣል አድርጋው ወጣች።
ከኋላዋ ሙጪት፣ ስንዱ፣ ከዚያም እኔ፤
ብረት ድምፅ ሲሰጥ ሰማሁ በዘመኔ።

ያን ማታ ወንዶቹ በየደጁ ቆመው፣
ባዬ ካርቶን ታቅፎ፣ «የትኛው የማነው?»
እኛ መናፈሻው ውስጥ ሱፍ እየፈለፈልን፣
«የልጆቼ እናት» ቀርቶ
በየስማችን ሲጠሩን አዳመጥን።

አንተም ደረጃው ላይ፣ ከግጥምህ ሥር ተቀምጠህ፣
እስክሪብቶ አውጥተህ፣ ጨረቃዋን ሰርዘህ፣
አንዲት ቃል ጻፍክ አሉ።
ጋሽ አስረስ፣
እስከ ዛሬ ከጻፍከው የምወደው እሷን ነው፦
«ክፈቱ።»