ሰማያዊ ሸራ

ስድስት ሰዓት ቀትር፣ ገላን ከመንገድ ዳር፣
ጥላ እንኳን ፈርቶ ከእግር ሥር ሲያድር፣
አንድ ባለ ተሳቢ ጅቡቲ የሚወርድ
ጋራዤ ደጅ ቆመ፣ ሞተሩ ሲያረግድ።

«ናፍጣ ይጠጣል» አለኝ ጋሽ ውብሸት፣
«ጠዋት የሞላሁት አያደርሰኝ ምሽት።
ቀለሙን ከትናንት ሰልባትዮ ጨምረሻል፤
ታዲያ የት ነው ቀዳዳው? ዓይንሽ ምን ይልሻል?»

ዓይኔ ምንም አይል።
ባጎነብስ፣ ብንበረከክ፣ በጀርባዬ ብተኛ፣
ሐምራዊው ባትሪዬ ፀሐይ ፊት መናኛ።
ቀለሙ ይበራል፣ ይበራል ሳይታይ፣
ሻማ እንደ ለኮሰ ሰው በጠራራ ፀሐይ።
«እስኪመሽ» ብለው፣ «ምን ነካሽ በዳቱ?
ዕቃዬ ወደብ ነው፣ በቀን ነው ቅጣቱ!»

አምና በክረምቱ ጎጆዬን ስሠራ
ጣራ የሆነኝን ሰማያዊ ሸራ
ከጓሮ ጎተትኩት። ከተሳቢው አናት
እስከ መሬት ጣልነው፣ እኔና ምንተስኖት።
ረዳቱ ነው ልጁ፤ ጢሙ ያቀመቀመ፣
ገመድ ሲያስር ፈጣን፣
ሲያናግሩት አንገቱ የዘመመ።

ሸራው ፀሐይቱን አጠለላት እንደ ጠላ፤
አተላው ውጭ ቀርቶ
ሰማያዊው ብቻ ፈሰሰ ከጥላ።
ቢጫ መነጽሬ ደግሞ ሰማያዊ አይወድም፤
ከደጅ ይመልሰዋል፣ ቢለምን አይፈቅድም።

አጠለቅሁት።
ቀትሩ ጠፋ።
የቀን ሌሊት ሆነ፣ በእጄ የሠራሁት፣
ጨረቃ የሌለው፣ ኮከብ የምሻበት።

ቧንቧው ደረቅ። ፊልትሮው ደረቅ።
ፖምፓው ላይ አንዲት ጠብታ የለም።
ሰልባትዮው አፍ ላይ ግን፣ ከክዳኑ ዙሪያ፣
የአውራ ጣት አሻራ፣ እንደ ቀበሌ መታወቂያ፣
ቁልጭ ብሎ ይነዳል፤
ከዚያ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ወደ ኋላ ይሄዳል፣
ከትርፍ ጎማው ሥር፣ ጆንያ እስከ ለበሰች
አንዲት ጀሪካን ድረስ። አፏን ከፍታ ታበራለች።

ቀና አልኩ።
ጨለማው መሀል ላይ ሁለት መዳፍ ብቻ፣
ጥፍራቸው ሥር ያለው፣ ታጥቦ ያልለቀቀ ቢጫ፣
ገመዱን እንደያዙ።
እሱ አያውቅም።
በእሱ ዓይን እጁ ንጹሕ ነው፣
በሳሙና ታጥቧል፣ ፀሐይ ምስክሩ ነው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል»
ሲሉ ነው ያደግሁት። ይኸኛው በቀትር ይበራል፤
ብርሃን ሲጨመር አይደለም፣
ሲቀነስለት።

«አገኘሽው ወይ?» አለ ጋሽ ውብሸት ከውጭ።
መነጽሬን አወለቅሁ። ቀኑ ተመለሰ።
ዓይኔ ግን ከጣቶቹ ላይ ቆየ መሰለኝ፣
ልጁ ሁለቱንም ኪሱ ከተተ።
ሱሪው ጉልበቱ ላይ በኤሌክትሪክ ሽቦ ተጠቅሟል፤
ይህን ለማየት ምንም መነጽር አላስፈለገኝም፤
ጠዋትም ነበረ።

ጋሽ ውብሸት ሸራውን ገልጦ አጎነበሰ።
«አገኘሁት» አልኩት።
«ግን በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ፦
ለዚህ ልጅ ደመወዝ
መጨረሻ የሰጠኸው መቼ ነው?»

መልስ አልሰጠኝም። ግማሽ ፊቱ ሰማያዊ ነበር።
እጆቹ ሸራውን ይዘዋል።
መነጽሩ እጄ ላይ ነበር፤
አላጠለቅሁትም።