ጠፍቶ ያልጠፋ

ሱቄ ከመዝ ወንዝ ሁለት መንገድ ገባ ብላ ናት፣
ከዋፍል መጋገሪያና ከጫማ ሰፊ መሀል ተጣብቃ ያለችው ጠባብ ቤት።
ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ ሊየዥን ካፊያ ሲመታት፣
ማዳም ጊሌን ገቡ በሩን በትከሻ ገፍተው፣
ካሜራ፣ ገና እንደታጠበ ሕፃን፣ በፎጣ ጠቅልለው።

«አጥፍቼው ነው የማድረው፤ ሲነጋ ባትሪው ባዶ ነው።
ሌሊት ደግሞ ከመሳቢያው ‹ጠቅ› የሚል ነገር አለው።
ልጄ ‹አርጅቷል ጣይው› አለኝ፣
ጎረቤቴ ‹መንፈስ ነው› ብላ ስታማትብ ታየችኝ።
አንተስ ምን ትላለህ?»

በሃያ ሁለት ዓመት ጥገና መንፈስ ገጥሞኝ አያውቅም።
የገጠመኝ አሸዋ ነው፤ ሻጋታ ነው፤ ቢራ የጠጣ ቁልፍ ነው።
አንዴ ደግሞ አንዲት ጉንዳን ከመስታወቱ ጀርባ ሞታ
የሠርግ ፎቶ ሁሉ ላይ፣ በሙሽራዋ ጉንጭ ተጎልታ።
መንፈስ ግን፣ የለም።

ስለዚህ የማውቀውን ነገርኳቸው፦
ማጥፊያው፣ ማዳም፣ ለይምሰል ነው፤
ይኼ ዓይኑን ይጨፍናል እንጂ እንቅልፍ የሚባል አይወስደው።
ከሆዱ ምስር የምታህል ባትሪ አለች፣
ማንም ሳይጠይቃት ሰዓት ስትቆጥር ታድራለች።
የካርዱን በር ቢከፍቱት ቀይ መብራቱ ብልጭ ይላል፣
ሐኪም መጣ ሲሉት «አለሁ» እንደሚል በሽተኛ።

ይኼኛው ደግሞ የባሰ ነው። ጠፍቶም በየአምስት ደቂቃው
ብንን ይልና ሰማዩን ይጠይቃል፦ «የት ነኝ?»
ሳተላይቶቹ የት እንዳለ አይነግሩትም፤
ሰዓት ብቻ ነው የሚናገሩት።
ከሰዓታቸው ቦታውን ራሱ አስልቶ፣ ጽፎ፣ መልሶ ያሸልባል።
መሳቢያ ውስጥ ግን ሰማይ የለም።
ይጠይቃል፣ ይጠይቃል፣
ባትሪውን የሚበላው ጥያቄ ነው።

«ጠቅታውስ?»
ሌንሱ ውስጥ ተንሳፋፊ ብርጭቆ አለች፣ የእጅን መንቀጥቀጥ የምታርም፤
ኤሌክትሪክ ሲለቃት ትወድቃለች፣ ሲያዘነብሉት ትንኳኳለች።
ካልነኩት ድምፅ የለውም።
ማዳም ጊሌን ጓንታቸውን አዩ።

የጻፈውን ከፈትነው።
ሁለት ክረምት ሙሉ ምስል የለም፤
አንድ ወፍ፣ አንድ ጀልባ እንኳ። ነጥብ ብቻ።
ከቤት፣ በድልድዩ፣ በወንዙ ዳር፣ እስከ አንዲት አግዳሚ ወንበር፣
በየጠዋቱ፣ ከሁለት ሰዓት እስከ አምስት፤
ወንበሩ ዙሪያ ደግሞ ነጥቡ እንደ ተደፋ ጤፍ።

«ምነው አንድ ቦታ አይረጋ?»
ሳይነቃነቅ የተቀመጠ ሰው በሰማይ መዝገብ እንዲህ ነው፣ አልኳቸው፤
ይንቀጠቀጣል።
«እንደ እጁ» አሉ።

ቆይተው፦
«‹ወፍ ላነሣ ነው› ይለኝ ነበር ላምቤር።
ሲመለስ ‹ዛሬ ብርሃን የለም›።
ሊየዥ ደግሞ መቼ ብርሃን ኖሯት ያውቃል!
ሾርባ ስቀዳለት እጁን ኪሱ ይከታል፣
እኔ ጨው ፍለጋ እነሣለሁ።
ጨው እኮ ገበታው ላይ ነው።»

ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። አንዴ ብጫነው ጥያቄው ይቆማል፣
ባትሪውም ወር ይከርማል።
«ላጥፋው?»
«ዓመት ጠፍቶ የከረመ ገና ዛሬ ተገኘ፤
ምኑን ታጠፋዋለህ?»

ሂሳብ አልተቀበልኩም፤ ምን ጠገንኩና።
አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውት ወጡ፣ በዚያ ካፊያ፣
ወደ ቤታቸው አይደለም፣ ወደ ወንዙ።
ፎጣውን ረስተውታል። ሦስት ሐሙስ አለፈው፤
ከመደርደሪያዬ ላይ ነው፣
ጠርዙ ላይ ሁለት ፊደል፣ በሰማያዊ ክር።