ያቀረቀረ መኪና

ኅዳር አጋማሽ ነው፤ ጎስላር ጭጋግ ለብሷል፤
ክላክስ ጮኸ ከበሩ ላይ፤ ቮልፍራም ደርሷል።
ጡረታ የወጣ የደን ጠባቂ፣ ጢሙን ሽበት የወረሰው፣
መኪናውን ይዞራል፣ ይዞራል፣ አንዳች ነገር እንዳነሰው።

«እየው» አለኝ፣ «ዕዳው ሳያልቅ፣ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣
ምን አጥፍቶ ያቀረቅራል፣ ፊቱ ዝቅ ብሎ ከኋላ?»

ካርቶኑን ፈታሁት።
ሁለት የብረት ቀለበት፣ ሞላ አናት ላይ የሚገባ፣
ፊቱን ሦስት ጣት የሚያነሳ፤
አራት ጎማ፣ ጥርሱ ያገጠጠ፣
የፋብሪካ ሽታው ገና ያልለቀቀ።

ክሪክ ሰጠሁት፤ መኪናው እግሩን አንጠለጠለ፤
የድሮው ጎማ እንደ ተሻረ ሹም በወለሉ ላይ ተንከባለለ።
ሞላውን በማጥበቂያ ጠፍሬ፣ ትንፋሼን ውጬ
(ያመለጠ ሞላ ምሕረት የለውም፤ አንድ ጥርሴን ከፍዬ ነው ያወቅሁት)
ቀለበቱን አናቱ ላይ ሰካሁ፣ ጎማ ላይ ተቀምጬ።

አውርደን መሪውን ጥግ ድረስ ወደ ግራ ባዞረው፣
ጭርርር! አዲሱ ጎማ ፓራፋንጎውን ቧጠጠው።
«ፓራፋንጎ» ስል አለቃዬ ሆልገር ይስቃል ከት ብሎ፤
«ጣልያንኛ ነው እኮ!» ይለኛል፣ የያዘውን ጥሎ።
ይሁና! ኮምቦልቻ፣ ጋራዥ ውስጥ፣
በኪያቤ በካቻቢቴ ነው የሙያ አፌን የፈታሁት፤
ስሰደድም ከሻንጣዬ በፊት እሱን ነው የያዝሁት።

ፕላስቲኩን ቆረጥን፤ ጠርዙን አጠፍን፤
ወደ ክላውስታል በሚወጣው ጠመዝማዛ ለሙከራ ከነፍን።
ጎማ ሲያድግ ቆጣሪ ይዋሻል፤ ዙሩ ሲሰፋ ያንሳል ቁጥሩ፤
ሰማንያ ይላል መርፌው፤ ሰማንያ አራት ነው ምስጢሩ።
«ተወው» አለ ቮልፍራም፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣
«እኔም ዕድሜዬን ስጠየቅ ቀንሼ ነው የምናገረው።»

ማክሰኞ ፍራው ኢምከ፣ መርማሪዋ፣ መጣች፤
ሜትሯን ዘረጋች፣ ጎማው ሥር ገባች፣ ወጣች፤
ወረቀት ካልመሰከረለት መኪና እዚህ አገር ብረት ነው፤
ማኅተሙን መታች። መኪናው
ቀጥ ብሎ፣ እንደ ምልምል ወታደር ደረቱን ነፍቶ ሄደ።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ ማታ፣ ልንዘጋ ስንል፣
ብርሃን መጣ፤
በሩ ላይ ሳይሆን ከጣሪያችን በላይ፣
የቤተክርስቲያኑ ማማ ላይ።

ቮልፍራም ነው። ከኋላው ተጎታች፣ በተጎታቹ ግንድ፣
ጥንዚዛ ከውስጥ የፈጀው፣ ቆሞ የሞተ ጥድ፤
አርባ ዓመት ከእሳት፣ ከሌባ፣ የጠበቀው ደን፣
አሁን ማገዶ ሆኖ በሜትር የሚመዘን።
የመኪናው ኋላ መሬት ሊስም፣ አፍንጫው ወደ ሰማይ።
«መንገድ ሙሉ መብራት እያርገበገቡ ሲሰድቡኝ መጣሁ» አለ።

ለካ ያን ጊዜ ያቀረቀረው አፍሮ አልነበረም፤
ሸክም ይጠብቅ ነበር።
ሲጫን ቀና እንዲል ብሎ ነበር ባዶውን ያጎነበሰው፤
እኛ ነን በባዶው አቅንተን፣ ሸክሙ ሲመጣ ያንጋለልነው።

«ቀለበቱን ላውጣው?» አልኩት።
ዝም አለ። ቅርፊቱን በአውራ ጣቱ ላጥ አደረገ፤
ከሥሩ የጥንዚዛው ጉድጓድ፣ እንደ ጽሕፈት፣ ማንም ያላነበበው።

«ተወው» አለ በመጨረሻ። «ሁለት ዙር ቢቀረኝ ነው።
ከዚያ ወዲያ ምን እጭናለሁ? ያለቀ ጫካ!
ባዶውን ነው የምነዳው። ባዶውን ቀጥ ይበል።»

ኮፈኑን ከፈትሁ። ለእነዚያ ለሁለት ዙሮች ብዬ፣
የመብራቱን ብሎን በካቻቢቴ አዞርሁት፣ ቀስ እያልሁ፤
ብርሃኑ ከማማው ወረደ፣ ከጣሪያው ወረደ፣
በግድግዳው ተንሸራቶ
እግራችን ሥር፣ ዘይት የጠጣው ወለል ላይ፣
ቁጭ አለ።