አባሪ ዐሥራ አራት

የትምህርት ቤቱ ስፖርት አዳራሽ ነበር ችሎታችን፣
የቅርጫት ኳሱ ቀለበት ተንጠልጥሎ ከራሳችን፤
ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት፣
መኪናችን በር ላይ፣ እንዳይቀዘቅዝ ሞተሩ ሳይጠፋ፣
ማይክሮፎኑ እንደ ንብ እያነበነበ።
እኔ የቦርዱ ጸሓፊ ነኝ። የተባለውን እጽፋለሁ፤
ላልተባለው ደመወዝ የለኝም።

ስድስት ካርቶን ሰነድ ጠረጴዛው ላይ፦
የወርቁ ጉድጓድ ጥልቀት፣ የመርዙ ኩሬ ስፋት፣
በስተመጨረሻም ቀጭኗ፣ አባሪ ዐሥራ አራት፣
«መንግሥት የታልቱ ሐይቅን ሰዎች ስለ ማማከሩ።»
አርባ ሦስት ስም። አርባ ሦስት ፊርማ።

አልፎንሲን ቤትሳዬ ተነሣች፤ ሰማንያ አንድ ዓመቷ።
በዴኔ ተናገረች፣ የልጅ ልጇ ኮሌት ተረጎመች፦
«በጥቅምት ነው፣ ሐይቁ ገና ቆዳ ሲያወጣ፣
አንድ ሰው በትንሿ አውሮፕላን መጣ።
ሞተሩን አላስጠፋም።
ሳንድዊቹን በላ፤ ስለ ዓሣችን ጠየቀ፤
መልሱ ሳይደርሰው ሰዓቱን አየ።
ወረቀት አዞረ። ስማችሁን ጻፉ፣ ፈርሙ፣
ዕጣ የወጣለት ጀሪካን ነዳጅ ይወስዳል አለ።
ፈረምን። ለሞዴስት ወጣለት።
ያ ወረቀት ነው ይሄ።»

የመንግሥት ጠበቃ መነጽሩን ወለወለ፦
«ክብርት ሰብሳቢ፣ የቦርዱ ሥልጣን
በድንጋዩ ነው፣ በውኃው ነው፣ በአቧራው ልክ ነው።
መንግሥት መከረ አልመከረ ብሎ መመዘን
የዚህ ጠረጴዛ ሥራ አይደለም።
ለዚያ ፍርድ ቤት አለ።»

አለ። በመኪና ሁለት ቀን፣
በቀጠሮ ሦስት ዓመት፤
ያን ጊዜ ወርቁ ወጥቶ የሰው ጣት ላይ ነው።

ሊንድግረን፣ ሰብሳቢያችን፣ ዓለት የምታውቅ ሴት ናት፣
ሠላሳ ዓመት ናሙና በምላሷ ስትቀምስ የኖረች።
ብዙ ዝም አለች። ከዚያ፦
«ውኃው ንጹሕ ነው ሲሉኝ፣ ጠርሙሱን አምጡ እላለሁ።
ዓለቱ ጽኑ ነው ሲሉኝ፣ አስቦረቡራለሁ።
‹ጠይቀናቸዋል› ሲሉኝ ብቻ
ዓይኔን ጨፍኜ ማኅተም እንድመታ የሚያዘኝ
የትኛው አንቀጽ ነው?»

ጠበቃው ገጽ ገለጠ።
ገለጠ።
ማሞቂያው አቃሰተ።

አሮጊቷ ማንም ሳይጠራት ወደ ጠረጴዛው ሄደች፤
ጣቷን ከስሟ ላይ አሳረፈች፦
«ይህ የነዳጁ ፊርማ ነው።
የሐይቁን ገና አልፈረምኩም።»
ኮሌት ስትተረጉመው ድምፅዋ ተሰበረ።
እኔ ጻፍኩ። በኅዳጉም፣ ለራሴ፣ በእርሳስ፦

ሰሙ፣ ሰሙ ይላል የመንግሥት መዝገቡ፤
ሰሙ እጃችን ላይ ነው፣ ወርቁን ነው ያሰቡ።

ውሳኔው ላልተወሰነ ቀን ተቀጠረ።
ስንወጣ መኪናችን ጠፍታለች፣
ቀኑን ሙሉ ነድዳ ታንከሯ ደርቋል።
ከበረዶው ጭለማ አንድ ሰው መጣ፣
ቀይ ጀሪካን ይዞ። ሞዴስት።
ቀዳልን፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ።
ከዚያ ከኪሱ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣና
«ስማችሁን ጻፉልኝ» አለ፣ እየሳቀ።

ጠበቃው የሰማ አልመሰለም።
ሊንድግረን ግን ጓንቷን አወለቀች፤
ብዕሩ በብርዱ እንቢ አላት፣
ተፋችበት፣ አሸችው፣
ደግማ ሞከረች።