ፀረ እንግዳ

ጉምሩክ ስድስት ሳምንት ደጅ ጠንቶ፣ ከርሞ፣
አዘዞ ወረደ በረዶ ተሸክሞ፤
ከጣቴ ጫፍ ያነሰ አንድ ብልቃጥ ነበር፣
በባጃጅ አቀፍሁት እስከ ማራኪ ሰፈር።
ሌላው ሰው ሲያቅፍ እንዳይበርድ ነው ጭንቁ፣
እኔን ያሳሰበኝ የእቅፌ መሞቁ።

ስሙ ፀረ እንግዳ። እንግዳው ግን ራሱ፦
ከጥንቸል ደም ወጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣
አንዲት ፊት ብቻ ሊለይ ሠልጥኖ፣ ተምሮ።
የሚፈልጋት ፊት የጭንቀት ሆርሞን ተቀባይ ናት፤
ቀን ደግ ሲሆን ትውላለች ከእልፍኙ ደጅ፣
ሆርሞኑ መጥቶ ሲይዛት በእጅ
ይዛው ትዘልቃለች እስከ ውስጠኛው ጓዳ፣
የዘር መዝገቡ ከሚገለጥበት።
ምን ታድርግ፣ እንግዳ ተቀባይ ናት፤
አትመልስ ክፉ እንግዳ።

ከጽኑ ሕሙማን ደጅ፣ ኮሪደር ላይ ካደሩ
አሥራ ሁለት አስታማሚዎች ደም ሰጡን፣ ተቆጠሩ።
«ለማነጻጸሪያ አንድ ጤነኛ ሰው ጎደለን»
አሉ ዶክተር መልሰው፣ ቅጹን ወደ እኔ ገፉት።
እንቅልፍ? ደህና። ምግብ? ደህና። የሚያስጨንቅ ነገር?
እግዚአብሔር ይመስገን። ፈረምሁ ከሥር።

በሦስተኛው ሌሊት መብራት ሄደ። ጋሽ ወንድይፍራው
ጀነሬተሩን እየተራገመ አስነሳው።
ጥንቸሏ የያዘችውን ፍየሏ ደርባ ያዘች፣
ሁለተኛዋ እርሷ ናት፤ አረንጓዴ ፋኖስ አንጠልጥላ መጣች።
በአስታማሚዎቹ ሴል እልፍኙ በርቷል፤ ይህንስ ጠብቀነው ነበር።
አሥራ ሦስተኛው ስላይድ፣ ጤነኛው፣
እንደ ከተራ ሌሊት ጧፍ በጧፍ ሆኖ አየሁት።

ብልቃጡን ሰደብሁት፦ «አንተ ቀጣፊ፣ ያገኘኸውን ትይዛለህ!»
ያለ እርሱ ያዘጋጀሁት ስላይድ ግን እንደ ጥቀርሻ ጠቁሯል።
ደገምሁ። ሠለስሁ።
ያው ነው። ጥንቸል ይሉኝታ የላት፣
ያየችውን ነው የምትል።

ቁጥሩን ከመዝገብ ፈለግሁ፣ የማን እንደሆነ እያወቅሁ።

ወንድሜ አንዳርጌ መተማን ካለፈ አሥራ አራት ወሩ።
በደወልሁ ቁጥር አንዲት ሴት፣ ያችው፣
«የደወሉላቸው ደንበኛ» ትለኛለች፣ በትሕትና።
ይህን ለማንም አላልሁም። ለቅጹም አላልሁ።
ለካ ሲገባ ያየችው አለች፣
እልፍኝ ድረስ የሸኘችው።

ብልቃጡን ወደ በረዶው መለስሁ፤ ገና ለሠላሳ ሰው ይበቃል።
ጋሽ ወንድይፍራው በበሩ አንገቱን አስግጎ
«ደህና አደርሽ?» አለኝ። ሊነጋ ነው።
አፌ ልማዱን ሊል ተከፍቶ
ቆየ።