ጅራት

ፖስታው የመጣ ቀን፣ ቀይሥር የጫኑ መኪኖች ሲያልፉ፣
የክሊኒካችን መስኮት ይንቀጠቀጥ ነበር እስከነክፈፉ።
ቢጫ ነው፤ ወፍራም ነው፤ በእጅ ሲይዙት ይከብዳል፤
እንደ መልካም ወሬ አይደለም፤ መልካም ወሬ ይቀልላል።

የከፈትሁት እኔ ነኝ፤ ደብዳቤ መክፈት ነው ሥራዬ፤
ሃያ ስድስት ዓመት እዚሁ፣ ከነመነጽሬ፣ ከነሻዬ፣
የሎርና ቲገንን ቀጠሮ፣ የሎርና ቲገንን ወጪ፣
የመድኗንም ዓመታዊ ክፍያ፣ እኔው ነኝ ቼክ ጽፎ አውጪ።

ዘንድሮ ግን ደብዳቤው የዓመት ክፍያ አይጠይቅም፤
ዶክተር ጡረታ ልትወጣ ነው፤ ካሁን በኋላ አታዋልድም።
“እንኳን ደስ አለዎ” ይላል ከላይ፤ ቀጥሎ፣ ዝቅ ብሎ፣
“ጅራቱን ይግዙ” ይላል፣ ቁጥሩን ከሥሩ አስከትሎ።

ጅራት ይሉታል የመድን ሰዎች። መጀመሪያ ስሰማው ሣቅሁ።
ላም ነው? ውሻ ነው? አልሁ። ኋላ ገባኝና ዝም አልሁ።

እጅሽን ታጥበሽ፣ ጓንትሽን ጥለሽ፣ በሩን ዘግተሽ ብትሄጂም፣
ሥራው ይሰናበትሻል እንጂ የሠራሽው አይሰናበትሽም።
ትናንት ያዋለድሽው ሕፃን፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት፣
ጠበቃ ያቆም ይሆናል፣ አንድ ቀን፣ ምናልባት።
ስለዚህ የሄደ ሰው እንኳ፣ ከኋላው የሚጎተት፣
ረጅም፣ የማይታይ፣ በየወለሉ የሚንፏቀቅ ጅራት አለበት።
ዋጋው ሐይቁ ዳር ያለችውን የእንጨት ቤቷን ይበልጣል።

ዶክተር መነጽሯን አወለቀች፤ ወረቀቱን ገልብጣ አየች፤
“ኢርማ፣ ስንት ልጅ ነው በጠቅላላ?” አለች።
“ሦስት ሺህ አንድ መቶ ሰባት።” መዝገቡን ሳላይ ነገርኋት።
“የሚያስፈራሽ ግን አንዱ ነው” ልል ነበር፤ ዋጥሁት፣ ተውኋት።

ያን ሌሊት የወረደው በረዶ የመብራቱን ሽቦ በጥሷል፤
ከፋርጎ የሚነሣው ሄሊኮፕተር “አልችልም” ብሎ ቀርቷል።
የማርሊስ ክቪስት ልጅ ተወለደ፣ ሰማያዊ ሆኖ፣ ጸጥ ብሎ፤
አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ፣ የመጀመሪያውን አየር እስኪስብ ታግሎ።
ዛሬ ኤመት ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አንገቱን ቀበቶ ይደግፈዋል፤
እናቱን ሲያይ ግን ይስቃል፤ ሣቁ ከመንገድ ማዶ ይሰማል።

ገና ሳይነጋ ነበር የመድኑ ሰው የደወለ፤
ድምፁ ለስላሳ፣ ትሑት፤ “አዝናለሁ እንዳትዪ” አለ፤
“ይቅርታ የምትል ቃል ፍርድ ቤት ቀርባ ትመሰክራለች፤
ውሉ ላይም አለ፤ ጥፋት ያመነች ሐኪም ዋስትናዋን ታጣለች።”

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እሷም አፏን ዘጋች።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በሱቁ መደርደሪያ መሃል፣
ማርሊስ በዳቦው በኩል ስትመጣ፣ ሎርና በሳሙናው በኩል ወጣች።

ማርሊስ አልከሰሰችም። ይህ ነው የባሰው።
ለከሳሽ ጠበቃ ይመልሳል፤ ዝም ላለ ማነው የሚመልሰው?

የመጨረሻው ቀን፣ የጅራቱን ቼክ ፈረመች፤ እጇ አልተንቀጠቀጠም።
“መኪናውን አስነሺልኝ” አለች፤ ወዴት እንደሆነ አልጠየቅሁም።
ከእህል ጎተራው ደጃፍ፣ ማርሊስ ጭነት ከምትመዝንበት፣
ከመኪኖቹ ተራ ገብታ በብረቱ ሰሌዳ ላይ ቆመች፣ በረዶ እየወረደባት።

ሚዛኑ ለሠላሳ ቶን የተሠራ ነው፤ ሰው ቢቆምበት አያነብም፤
ቀዩ ቁጥር ዜሮ እንዳለ ንቅንቅ አላለም።
መስኮቱ አንድ ስንዝር ተከፈተ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ።
የተባለውን አልሰማሁም፤ የመኪናውን መጥረጊያ ብቻ ሰማሁ።
መስኮቱ ተዘጋ። ከኋላ የቆመው ሹፌር ጥሩምባ ነፋ።
አረንጓዴው በራ።

ተመለሰች። ትከሻዋ ነጭ ሆኗል። ወርጄ በሩን ከፈትሁላት፤
ገባች፤ እግሯን ሰበሰበች፤ ምንም አልጠየቅኋት።
“ዝጊው” አለችኝ።
እኔ ግን ጥቂት ቆየሁ፣ በሩን እንደያዝሁ፤
የቀረው እስኪገባ ጠበቅሁ።