የድምፁ ዓይነት

ከማማው ደወሉ፣ ገና በማለዳ፣
«ዛሬም ገባብን» አሉ፣ «ያ ያልታወቀ እንግዳ።»
የቀረጹትን ሰማሁ። አብራሪው በእርጋታ
ከፍታውን ሲጠራ፣ ቁጥር ሲያስረዳ፣
መሃሉ ላይ ስንጥቅ፤ ትንፋሽ፣ ሳል፣ ሽሽታ፣
ከዚያም የአዛውንት ድምፅ፣ ጠጋ ብሎ፣ በቀስታ፦
«ድረስ ነኝ፣ ትርንጎ፣ ትሰሚኛለሽ ወይ?»

ተቆጣጣሪው ኦሬን ትከሻውን ሰበቀ።
«ዓረብኛ ነው?» አለ፤ «ሩሲያኛ?» አላወቀ።
እኔ ዝም አልኩ።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚህ ሥራ ላይ ስኖር
የማድነው ፉጨት ነው፣ የተበላሸ ሞተር፣
የሕገወጥ ጣቢያ ዘፈን።
በእናቴ ቋንቋ የመጣ ጩኸት
ይኸ መጀመሪያዬ ነው።

አንቴናዬን ይዤ (የዓሣ አጥንት ይመስላል)
ሎድን ዞርኩ በመኪና። መርፌው ይወዛወዛል፤
ከገበያው ጀርባ ይደክማል፣ ሐዲዱ ጋ ያይላል፤
ልብስ የተሰጣበት ሰገነት ስር ስደርስ
ቀጥ ብሎ ቆመ፣ እንደ ውሻ ጆሮ።
አራተኛ ፎቅ። ሊፍቱ ተበላሽቷል።

አቶ ድረስ ከፈቱ፣ መነጽር ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣
መጫወቻ መሳይ ራዲዮ በገመድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው።
«ከራምላ ገበያ፣ ጥንዱን በሠላሳ ሼቅል፤
አንዱ እኔ ጋ ነው፣ አንዱ ከትራሷ ስር።»

ትርንጎ ጓዳ ናት። ከዳስ በዓል ማግስት ጀምሮ
ግራ ጎኗ አይታዘዝም። መስኮቷ የሚያየው ግንብ ነው።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት አውሮፕላን አጽድታ፣
ከየወንበሩ ስር የሰው ፍርፋሪ ለቅማ፣
ሁሉንም በጭራው ቀለም ትለየዋለች፤
ታዲያ ባሏ ሰገነት ላይ ቆመው ይነግሯታል፦
«ነጭ መጣ፣ ትርንጎ፣ ጭራው ሰማያዊ፤
ዝቅ ብሏል፤ እግሩን ዘረጋ፤ ሊነካ ነው… ነካ።
ቀጥሎ ቀይ ነው። ይሄ እንኳ ያንቺ አይደለም፣ አዲስ ነው።»

ያኔ ገባኝ።
አብራሪው ጆሮ ውስጥ ያጉረመረመው ባዕድ
የሚያወራው ስለ ራሱ ስለ አብራሪው ነበር፦
ስለ ክንፉ፣ ስለ እግሩ፣
በሰላም ስለማደሩ።
ስማቸው ድረስ ነውና ድምፃቸው ደረሰ፤
ጓዳ ድረስ ቢሉት ሰማይ ድረስ ገሰገሰ።

ሕጉን ነገርኳቸው። አንዲት ቃል ብትሸፈን፣
«ቆይ» ያሉት «ውረድ» መስሎት አብራሪው ቢወርድ…
አላስጨረሱኝም።
«እኔ? ያን ሁሉ ሰው?» አሉ፣ ድምፃቸው ሰለለ፤
ገመዱን በገዛ እጃቸው ከአንገታቸው አወለቁ።

መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፤ አንዱ በላያችን አለፈ።
ከመዳፌ ውስጥ ራዲዮው ተነፈሰ፦
«ድረስ፣ ምነው ዝም አልክ? የቱ ነው ያለፈው?»

ሽማግሌው እጄን አዩ።
ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር።
አልጫንኩትም። እስከ ጓዳ አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤
ሄጄ «ብርቱካንማ ነው» አልኳት፣ «አርፏል።»
«ጭራው ላይ ወፍ አለ?» አለችኝ።
ያንን ልብ አላልኩም።
ተመልሼ ባሏን ጠየቅሁ። «አለ» አሉ። «አለ» አልኳት።

ባትሪዎቹን አወጣሁ፤ አራት ናቸው፣ ኪሴ ውስጥ ይንኳኳሉ።
ደረጃው ላይ ተቀምጬ ቅጹን ሞላሁ፦
ቀን፣ ሰዓት፣ ሞገድ፣ አድራሻ፣ የተወረሰ ዕቃ።
«የድምፁ ዓይነት» የሚለው ፊት ለፊት
እስካሁን ምንም አልጻፍኩም።
ኦሬን ሁለቴ ደውሏል።